ድንጋዩን ከወንበር ሥር አውጡት

(ባለፈው ቅዳሜ ባሕር ዳር ላይ ለሚኒባስ ሾፌሮች፣ ለረዳቶችና ለጋራዥ ተለማማጆች ስለ እጅ ፍሬን ያደረግሁት ንግግር ነው። በስልክ የተቀዳውን አንድ ልጅ ገልብጦልኛል። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን አደራችሁ! ... አልሰማሁም። እንደምን አደራችሁ? አዎ፣ እንደዚያ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።

የቅዳሜን ገበያ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ለሚኒባስ ሰው ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ጋሼ፣ እርስዎም ጠጋ ይበሉ። ድምፄ እንደ ድሮው አይደለም።

በጥያቄ ልጀምር። ውጭ ካቆማችኋቸው መኪኖች ውስጥ፣ ወንበር ሥር ድንጋይ ያለው የማን ነው? እጅ! እውነቱን ግን። (ሳቅ) ይኸው። ግማሹ እጁን አወጣ፣ ግማሹ ዋሸ።

እኔ አልስቅባችሁም። እኔም ድንጋይ ተሸክሜ ነው ያደግሁት። በወጣትነቴ ረዳት ነበርሁ። ከባሕር ዳር ሐሙሲት፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን በምትመላለስ መኪና። ድንጋያችን ጥቁር ነበር፣ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ። ሾፌራችን ተሳፋሪ ጥሎ ይሄዳል እንጂ ድንጋዩን ጥሎ አይሄድም። ዳገት ላይ ልንቆም ስንል፣ መኪናው ገና ሳይቆም ዘልዬ እወርዳለሁ። ሮጬ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ አደርጋለሁ። ተሳፋሪው «ጎበዝ!» ይለኛል። እኔም ጎበዝ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህቺን ጣት ታያላችሁ? የቀኝ እጄ መሀል ጣት ናት። ጥፍሯ እስከ ዛሬ ተጣሞ ነው የሚበቅለው። አንድ ቀን ዝናብ ጥሎ አስፋልቱ ረጥቧል። ድንጋዩን ሳስገባ መኪናው ወደ ኋላ አንድ ስንዝር መጣ። አንድ ስንዝር ብቻ! እጄ በድንጋዩና በጎማው መካከል ነበር። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ምን ሆንህ?» ይለኛል። የእጅ ፍሬኑን እስከ ጣሪያ ስቦታል። መሳቡን ስቦታል! ከእጀታው ወዲያ የሚይዝ ነገር አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ የዛሬው ወሬያችን የእጅ ፍሬን ነው። የድሮ ሾፌሮች «ፍሬን አማኖ» የሚሉት። ሦስት ነገር ነው የምነግራችሁ። አንደኛ፣ ለምን ይሞታል? ሁለተኛ፣ ሸራው፣ ያ እየተፋተገ የሚይዘው ልባስ፣ ከነሞላው እንዴት ይቀየራል? ሦስተኛ፣ ከተቀየረ በኋላ እንዴት ይስተካከላል? ሦስተኛዋ አጭር ናት። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው ግን እሷን ነው።

እሺ፣ አንደኛው። ለመሆኑ እናንተ የእጅ ፍሬን ትዝ የሚላችሁ መቼ ነው? እኔ ልንገራችሁ። የቦሎ ሰሞን! ምርመራ ሊደርስ ሲል ጋራዥ ትመጣላችሁ። «ጋሼ፣ እቺን ገመድ ጠበቅ ያድርጉልኝ፤ ነገ ምርመራ አለብኝ።» ጠበቅ ይደረጋል። መኪናው ያልፋል። ብዙም ሳይቆይ እጀታው ተመልሶ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ። በዓመቱ እንደገና ገመድ።

ወንድሞቼ፣ ገመድ ማጥበቅ ጥገና አይደለም። ልድገመው፤ ከኋላ ያለውም ይስማ። ገመድ ማጥበቅ ጥገና አይደለም! ሸራው አልቆ ከታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት፣ ርቋል። ገመዱን ስትወጥሩት ርቀቱን ደበቃችሁት እንጂ አላጠፋችሁትም። ሌላም ጣጣ አለው። ኋላቸው ታምቡር በሆነ መኪኖች፣ በሚኒባሶቻችሁ፣ በቪትዝ፣ በዲዛየር፣ ገመዱ ከልክ በላይ ሲወጠር ውስጥ ያለው ክንድ ወደ ቦታው አይመለስም። ክንዱ ካልተመለሰ፣ ሸራውን እያቀረበ የሚሄደው ማስተካከያ ሥራውን ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ የእግር ፍሬኑ ፔዳል ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። የእጁን ልታድኑ ብላችሁ የእግሩን አሳመማችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ገዳይ ማን ናት? ከተማችን! አዎ፣ ባሕር ዳር። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። በብስክሌት ያደገች ከተማ ናት። እዚህ ያለ እጅ ፍሬን ዓመት ብትነዱ የሚጠይቃችሁ የለም። ማርሽ አስገብቶ መውረድ ነው። ያልተሳበ የእጅ ፍሬን ግን ይዝጋል። ገመዱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል። የሐይቅ እርጥበት አለ፣ የክረምት ጭቃ አለ፤ መኪና ማጠብ ደግሞ እንወዳለን። ከዚያ አንድ ቀን ሰው «ቤዛዊት አውጣኝ» ይላችኋል። ወይም የአዲስ አበባ ኮንትራት ይመጣል። ከደጀን ወርዳችሁ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ጎሃ ጽዮን ስትወጡ፣ ፊት ለፊት አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ ሰልፍ ይሠራል። ያ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለትና አቀበት ነው። እግራችሁን ፔዳል ላይ አድርጋችሁ እስከ መቼ ትቀመጣላችሁ? ከኋላችሁ አውቶቡስ ቆሟል።

ውሃ ካነሳሁ አይቀር የራሴን ጉድ ልናገር። ፒክአፕ ነበረችኝ። እሁድ ቀን ላጥባት ጣና ዳር ወረድሁ። ሣር ነው፤ ትንሽ ወደ ውሃው ያዘነብላል። አፍንጫዋን ወደ ሐይቁ አድርጌ አቆምኋት። የእጅ ፍሬን ሳብሁ። ማርሽ አላስገባሁም። ለምን? መካኒክ ነኛ! ባልዲዬን ይዤ ጎንበስ ስል፣ መኪናዋ ቀስ ብላ በጎኔ አለፈች። ሮጬ ከኋላ ያዝኋት። ሰው መኪና ይይዛል እንዴ? የፊት ጎማዎቿ ውሃ ገቡ። ሞተሯ ጋ ሊደርስ ሲል ደንገሉ ያዛት። አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ወደ ዳር እየጎተቱ ያዩኛል። አላዘኑልኝም። «ልጄ፣ ታንኳም እኮ ይታሰራል!» አሉኝ።

በማግስቱ ታምቡሯን ከፈትሁ። በግራ በኩል ሸራው ከብረቱ ተላቅቆ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። በቀኝ በኩል መመለሻ ሞላው ተበጥሶ ታች ተኝቷል። የተበጠሰበት ጫፍ ዝጓል፤ የትናንት አይደለም። እኔስ በዚያ ዓመት ምን ስሠራ ነበር? ገመዷን ሦስት ጊዜ አጥብቄያለሁ! ይህን ዛሬ የምነግራችሁን ሰው እዩት እንግዲህ። (ሳቅ)

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። መጀመሪያ መኪናችሁን እወቁ። የእጅ ፍሬን በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም። በሚኒባሶቻችሁ ኋላው ታምቡር ነው፤ የእግሩም የእጁም ፍሬን በአንድ ሸራ ነው የሚሠሩት። እንደ ፕራዶ ያሉት ኋላቸው ዲስክ ነው። የዲስኩ መሀል ግን ቆብ ይመስላል፤ ቆቡ ውስጥ ትንሽ ታምቡር አለ፤ በውስጡ ቀጫጭን ሸራዎች። የእነዚህ ሥራ የቆመ መኪና መያዝ ብቻ ነው። ሰው የእጅ ፍሬን ሳይለቅ ካልነዳ በስተቀር ቶሎ አያልቁም። ሦስተኛው ዓይነት እንደ አይሱዙ ኤንፒአር ያለው ነው።

እዚህ ላይ ልቁም። ሰው የሚሞተው እዚህ ጋ ስለሆነ።

በኤንፒአር የእጅ ፍሬኑ ጎማው ላይ የለም። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ጀርባ ነው ያለው። የሚይዘው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ነው። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች መሬት ረግጠው ሳለ ደህና ይይዛል። አንዱን ጎን በክሪክ ስታነሱስ? ዘንጉ እንደተያዘ ነው። ዲፈረንሻሉ፣ ዙሩን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው፣ ግን አንዱ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ እንዲዞር ይፈቅዳል። አየር ላይ ያለው ይሽከረከራል፣ መሬት ላይ ያለው ይንከባለላል። መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወርዳል። የእጅ ፍሬን ተስቦ! ማርሽ ገብቶ! ማርሹም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ነዋ።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመሸንቲ ወዲያ መንገድ ዳር ጎማ የፈነዳበት አይሱዙ ነበር። ረዳቱ ልጅ ጎማውን ፈቶ፣ ስኮርታውን ከሻንሲው ሥር አስተኝቶታል። ሌላ ቦታ ስላጣ ነው እንጂ አውቆ አልነበረም። መኪናው ንቅንቅ አለና ክሪኩ ተገለበጠ። ሻንሲው ስኮርታው ላይ ዷ! አለ። ልጁ በደረቱ መሬት ላይ ነበር። ተስቦ ወጣ፣ ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ከዚያ ተቀምጦ አለቀሰ። ዛሬ ሾፌር ነው። እስከ ዛሬ ስኮርታውን ከሥር ሳያስተኛ ጎማ አይፈታም።

ስለዚህ ድንጋዩን ከወንበር ሥር አውጡት ስል ጣሉት አላልሁም። ዳገት ላይ የፍሬን ምትክ አይደለም አልሁ። መኪና ልትፈቱ ስትሉ ግን ታኮ የግድ ነው። የእንጨት ቢሆን ደግሞ ይሻላል። የእጅ ፍሬን ስትሠሩማ ይበልጥ! ለምን? የእጅ ፍሬኑ ካልተለቀቀ ታምቡሩ አይወጣም። መኪናውን የሚይዝ ምንም ነገር የለም ማለት ነው። ሜዳ ቦታ ምረጡ። የፊት ጎማዎችን በፊትም በኋላም ታኮ አድርጉ። የጎማውን ቡሎን መሬት ላይ ሳለ አላሉት። ክሪክ ማንሻ ነው፣ መደገፊያ አይደለም፤ ከሥር የብረት መቆሚያ አስገቡ። ብሎኬት እንዳታስገቡ! ብሎኬት ሳይነግራችሁ ነው የሚፈርሰው።

ጎማው ወጣ። ዲስክ ከሆነ ካሊፐሩን፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን፣ ፈታችሁ በሽቦ ስቀሉት። በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል አትተዉት። ዲስኩ ወይም ታምቡሩ እምቢ ካለ መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። አንድ፣ በጎማ ክዳን የተደፈነች ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ክዳኗን አውጥታችሁ በካቻቢቴ ማስተካከያውን ወደ ኋላ መልሱ። ሁለት፣ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊሜትር ቡሎን አስገብታችሁ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያጠበቃችሁ ሂዱ። ራሱ ገፍቶ ይወጣል። ስንት ታምቡር በመዶሻ ተሰነጠቀ መሰላችሁ፣ ሁለት ቡሎን እያለ!

አቧራው። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ በኮምፕሬሰር አትንፉት። እኛ ስንነፋው ነው ያረጀነው፤ ሳላችንን ትሰማላችሁ። ድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ይገባ ነበር፤ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው። ገበያ ላይ ያለው ሸራ ሁሉ ምን እንዳለው በዓይን አይለይም። ውሃ እርጩበት፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥራችሁ ጣሉት።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። ሁላችሁም ስልክ አላችሁ፤ ለቲክቶክ ብቻ ነው እንዴ? አንድ ጎን ብቻ ክፈቱ። ሌላው ጎን ይቆያል፣ የምታዩት እሱን ነው። አንድ ተለማማጅ ነበረኝ፤ ፈጣን ልጅ፣ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ፈታው። ዕቃውን ሁሉ በአንድ ሳህን ደባለቀው። የግራውና የቀኙ ማስተካከያ ሲያዩት መንታ ነው። ጥርሱ ግን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይዞራል። አቀያይሮ ገጠመው። ፍሬኑ በተያዘ ቁጥር ሸራውን ማቅረብ ሲገባው ያርቀዋል! ባለቤቱ ወር ሳይሞላው ተመልሶ መጣ። ተቆጣ፣ ልክም ነበር። ስህተቱም የኔ ነው፤ ሳላይ ነው ያስረከብሁት።

አሁን ሞላ። ሰው ሸራ ይገዛል፣ ሞላ አይገዛም። ለምን? ያልተበጠሰ ሞላ ደህና ይመስለዋል። ሞላ በሙቀት ይደክማል። የደከመ ሞላ ሸራውን ከታምቡሩ መልሶ አይስበውም። ሸራው እየተሻሸ ይሄዳል፣ ይሞቃል፣ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ከዚያ መያዝ ያቆማል። ያስተማረኝ ጌታዬ ሞላውን ሲሚንቶ ላይ ጣል ያደርገውና ጆሮውን ይሰጣል። ደህናው ክቦቹ ገጥመው ስለተቀመጡ ዱብ ይላል። የተለጠጠው ቅጭል ይላል። ቅጭል ካለ በእግሩ ወደ ቆሻሻው ይገፋዋል። እኔ ግን ዘንድሮ ሳላዳምጥ ነው የምጥለው። ያን ሁሉ ፈትቼ፣ በአሮጌ ሞላ ልመልሰው? የመያዣ ፒኑን፣ ቆቡን፣ ሞላውን፣ ከሸራው ጋር ሙሉውን ቀይሩ። ሁለቱንም ጎን።

የሸራው ውፍረት ስንት ሲደርስ ነው የሚቀየረው? ብዙ ቶዮታዎች ላይ የመጨረሻው 1 ሚሊሜትር ነው። እኔ እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም። አሮጌ ብረት ላይ ሸራ የምታስለጥፉም አላችሁ። አልከለክልም፤ ግን ብረቱ ያልተጣመመ፣ ዝገቱ በደንብ የወጣ መሆኑን እዩ። የኔ ፒክአፕ የተላቀቀው ዝገት ላይ ስለተለጠፈ ነው።

ሸራው የሚንሸራተትበትን የኋላ ሳህን እዩ፣ የተላጡ ቦታዎች አሉት። ሸራው እዚያ እየፈተገ ጉድጓድ ካበጀ ይነክሳል፣ አይመለስም። ሞርዱት። ከዚያ ሙቀት የሚችል ግራሶ፣ በየቦታው የስንዴ ፍሬ ያህል። የስንዴ ፍሬ አልሁ! በጣት እየዛቁ የሚቀቡ አሉ፤ ሲሞቅ ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል። ሸራውን ከመያዛችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ እንጀራ ልትበሉ እንደምትታጠቡት። ታምቡሩ ከፍተኛ ልኩ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ አዲስ ሸራም አይሞላውም።

ሦስተኛው፣ ማስተካከሉ። ጋራዥ ውስጥ ሬጅስትሮ የምንለው። ቅደም ተከተሉን ብቻ ያዙልኝ። መጀመሪያ ሸራ፣ ኋላ ገመድ። መጀመሪያ ሸራ! ገመዱን ሙሉ በሙሉ አላሉት። የቶዮታውን፣ ቆብ ያለውን ዲስክ ልንገራችሁ። ዲስኩን በሁለት ዳዶ ያዝ አድርጉት። ማስተካከያውን በቀዳዳዋ አዙሩ፣ ዲስኩ አልዞር እስኪል። ከዚያ 8 ጥርስ መልሱት። ጥርሱ ሲያልፍ ቀጭ ይላል፤ በጆሮ ቁጠሩ። ዲስኩ በእጅ ሲገፋ በነፃ ይዙር። አሁን ገና ወደ ገመዱ ሂዱ። እጀታው እንደ መኪናው ዓይነት ከ5 እስከ 9 ጥርስ ላይ መያዝ አለበት። እጀታው ሲወርድ ደግሞ ጎማው ነፃ ይሁን።

አዲስ ሸራ ወዲያው አይነክስም፤ መላመድ አለበት። ለእነዚህ ትናንሽ ሸራዎች በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየነዳችሁ፣ የእጀታውን ቁልፍ እንደተጫናችሁ፣ በቀስታ ሳብ አድርጋችሁ 400 ሜትር ያህል ሂዱ። 2 ወይም 3 ጊዜ ድገሙት፤ በየመሀሉ ይቀዝቅዝ። ቁልፉን እንዳትለቁት፣ ጎማው ይቆለፍባችኋል። ደረቅ፣ ሜዳ፣ ሰው የሌለበት መንገድ ይሁን። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድያችን ላይ የሚሞክር እንዳይኖር! እሱ 380 ሜትር ነው፤ 20 ሜትር ይጎድላችኋል። (ሳቅ)

አዎ ልጄ፣ አንቺ ነሽ የጠየቅሽው? ጥሩ ጥያቄ ነው። «አውቶማቲክ መኪና ፒ ላይ ካለ የእጅ ፍሬን ምን ያደርጋል?» ፒ ማለት ካምቢዮው ውስጥ አንዲት ትንሽ ብረት ጥርስ መሀል መግባቷ ነው። ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት በሙሉ እሷ ላይ ይጫናል። ከፒ ስታወጪው ቋ! የሚለው እሷ ናት። ስለዚህ እግርሽን ፍሬን ላይ አድርገሽ የእጅ ፍሬን ሳቢ። ከዚያ እግርሽን ላላ አድርጊና መኪናው እጅ ፍሬኑ ላይ ይረፍ። ፒ ከዚያ በኋላ ነው። ማኑዋል ለምትነዱትም ያው ነው፤ ማርሽ መጨረሻ ላይ። ሜዳ ላይም ሳቡት። ባሕር ዳርም ውስጥ ሳቡት፣ እንዳይዝግ።

በቃ፣ አፌ ደረቀ። ወንድማችን ሚኒባሱን ሊያስከፍተን ፈቅዷል፤ ያቺ በር ላይ የቆመችው ነጯ ናት። እጀታዋን ሞክሬያለሁ፣ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራት። ኑ እንውጣ። ስልካችሁን አዘጋጁ፣ ፎቶ አለ። ቅድም ድንጋይ አለኝ ብሎ እጁን ያወጣው ልጅ የታለህ? አምጣው፣ ዛሬ ደህና ሥራ አለው። የፊት ጎማ፣ በቀኝ በኩል፣ ታኮ አድርግ። እጅህን ብቻ ቶሎ አውጣ።